ውጊያው ያልተካሄደበት ምሽት

የጠያቂው ደብዳቤ

«ይድረስ ለተከበሩ አማካሪያችን። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ከአምስት ጓደኞቼ ጋር፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ገጸ ባሕርይ ይዞ በቃልና በዳይስ የሚጫወተውን የጠረጴዛ ዙሪያ ጨዋታ ከተማሪነታችን ጀምሮ እንጫወታለን። ተራኪው እኔ ነኝ። አምና አንዲት የማትረሳ ምሽት ነበረችን። ጓደኞቼ ከባቲ ጨው ጭነው ወደ ደጋ የሚወጡ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ዳገቱ ላይ ሽፍቶች አስቀምጬ ትልቅ ውጊያ አዘጋጅቼ ነበር። ውጊያው ሊጀመር ሲል ከሁላችንም ዝምተኛ የሆነው ጓደኛችን ‹ጎራዴዬን አስቀምጣለሁ፤ ሽማግሌ ይጠራልን› አለ። ሙግት ተጀመረ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሻማ ነበር የተቀመጥነው። ሁሉም ተናገረ፣ ሁሉም ተሟገተ። ዳይስ የጣልነው መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን ከሃያ 4 ወጣብን። ግማሹን ጨው ለሽፍቶቹ ለቅቀን አለፍን። እስከ ዛሬ ስንገናኝ የምናነሣት ያቺን ምሽት ነው።

«ከዚያ ወዲህ ጨዋታችን ጣዕም አጣ። ያቺን ምሽት ለመመለስ ያልሞከርኩት የለም። ካርታ በቀለም አሳተምኩ፣ ሙዚቃ መረጥኩ፣ ታሪኩን አስቀድሜ ሠላሳ ገጽ ጻፍኩ። ጓደኞቼ እንዳያዝኑ ብዬ መጥፎ ቁጥር ሲወጣ እየደበቅሁ አሸናፊ አደርጋቸዋለሁ። እነሱ ግን ስልካቸውን ይነካካሉ። አንዱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥሮ በፈረቃ ስለሚሠራ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሌላው ደግሞ ስለተከበበች ከተማ ባዘጋጀሁት ጨዋታ መሀል ተነሥቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ ሥራ በዝቶበት ይመስለኛል። እናቴም ዳይሱን ባየች ቁጥር ቁማር ጀመርክ ወይ እያለች ትጨነቃለች። ያቺን ምሽት እንዴት ልመልሳት? ወይስ ጨዋታችን አበቃለት?»

መልስ

ወንድሜ፣ በዕድሜ ስለምታንሰኝ አንተ ብልህ ቅር እንደማይልህ ተስፋ አደርጋለሁ። ጨዋታችሁ አላበቃለትም። ያቺ ምሽት ግን አትመለስም፤ በካርታም፣ በሙዚቃም፣ በሠላሳ ገጽ ታሪክም አትመለስም። እንዲያውም ሌላ እሷን የምታህል ምሽት እንዳትመጣ በሩን የዘጉት እነዚሁ ዝግጅቶችህ ይመስሉኛል። ለምን እንዲህ እንደምል በዝርዝር ላስረዳህ።

መጀመሪያ ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ጥቂት ልበል። አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪ ሆኖ አገሩን፣ መንገዱን፣ በመንገድ የሚያጋጥመውን ሰውና አውሬ ሁሉ በቃሉ ይሥላል። ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ነጋዴ፣ ወታደር፣ ደብተራ፣ አዝማሪ፣ የፈለጉትን። ተራኪው «ይህ ገጠማችሁ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል፤ እነሱ ይወስናሉ። የውሳኔው ውጤት አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ዕቃ ዕቃ ተጫውቶ ያደገ ሰው ሁሉ የነገሩን ሥር ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ሕግና ዳይስ መግባቱ ነው። ከእነዚህ ጨዋታዎች በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው።

ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነውን ታሪክ ግን ሰምተኸው እንደሆነ እንጃ። ሰምተኸው ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልኝ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1969 በሚኒሶታ ግዛት ዴቪድ ዌስሊ የሚባል ሰው ከጓደኞቹ ጋር የጦርነት ጨዋታ ይጫወት ነበር። ጠረጴዛ ላይ ትናንሽ ወታደሮች ተደርድረው፣ አንዱ የአንደኛውን ወገን ጦር ሌላው የሌላኛውን እየመራ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ዌስሊ አንድ ቀን በናፖሊዮን ዘመን ያለች፣ ብራውንስታይን የተባለች ምናባዊ የጀርመን ከተማ ፈጠረ። ሁለት ጦር ወደ ከተማዋ እየተጠጋ ነው። የጦር አዛዥነቱ ላልደረሳቸው ተጫዋቾች የከተማዋን ሰዎች አደላቸው፤ አንዱ ከንቲባ ሆነ፣ አንዱ የባንክ ሰው፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ። ሐሳቡ ከዚህ በኋላ ወደ ውጊያው መግባት ነበር። ተጫዋቾቹ ግን ውጊያውን ረሱት። እርስ በርስ ተንሾካሾኩ፣ ተዋዋሉ፣ ተካካዱ፤ ሁለቱ እንዲያውም ለአንድ ለአንድ ፍልሚያ ተጠራሩ። ዌስሊ ለዚህ ያሰናዳው ሕግ ስላልነበረው እዚያው በቆመበት መፍጠር ነበረበት። ውጊያው ሳይካሄድ ጊዜው አለቀ። ዌስሊ ልፋቴ ሁሉ ተበላሸ ብሎ ሲያዝን ጓደኞቹ ግን ድገምልን አሉት። ከእነዚያ የጨዋታ ጓደኞች አንዱ ዴቭ አርነሰን ነበር። ዛሬ አንተና ጓደኞችህ በየሳምንቱ የምትጫወቱት ጨዋታ ከዚያች ከተማ ወጥቶ የመጣ ነው።

እንግዲህ አስተውል። ዌስሊ ያዘጋጀው ውጊያ አልተካሄደም፤ አንተ ያዘጋጀኸውም አልተካሄደም። የእሱ ጓደኞች ድገምልን አሉ፤ ያንተ ጓደኞች ዓመት ሙሉ ያንኑ ያወራሉ። የተራኪው ዕቅድ ፈርሶ የተጫዋቾቹ ሐሳብ ቦታ ሲያገኝ የሚሆነው ይህ ነው። ያ ዝምተኛ ጓደኛህ «ሽማግሌ ይጠራልን» ሲል «አይ፣ ሽፍቶቹ ሽማግሌ አይሰሙም» ብለህ ውጊያህን መቀጠል ትችል ነበር። አላልክም። የደከምክበትን ዝግጅት ወደ ጎን ትተህ ሰማኸው። ያቺን ምሽት ሻማው አላሳመራትም፤ ያሳመራት ያ መስማትህ ነው። በደብዳቤህ ውስጥ ይህን ሥራህን ከምንም ሳትቆጥረው ማለፍህ አሳዝኖኛል፤ ከሠራኸው ሁሉ ትልቁ እሱ ነበርና።

ደግሞ ሙግቱ ለምን እንደሞቀ ልብ ብለሃል? ከጠረጴዛው ዙሪያ ከነበሩት አንድም ሰው የሽማግሌ ነገር አዲስ አልሆነበትም። ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ደም ሲያደርቁ ያላየ ቢኖር እንኳ ከአያቱ አፍ ያልሰማ የለም። «በላ ልበልሃ» እየተባለ ባለጉዳዮች ቆመው በቃል የሚሟገቱበት ችሎት በአገራችን ለዘመናት የኖረ ነው። ጓደኞችህ ሽፍታን እንዴት እንደሚካሰሱ፣ ሽማግሌ ፊት እንዴት እንደሚቆሙ፣ ምን ብለው እንደሚምሉ ሕግ መጽሐፍ ሳይገልጡ ያውቁታል። ለዚህ ነው ሁሉም የተናገረው። የባዕድ አገር ግንብና ዘንዶ አትጫወቱ ማለቴ አይደለም፤ እኔም ዘንዶ እወዳለሁ። ነገር ግን ዝምተኛ ሰው አፉን የሚፈታው በሚያውቀው ነገር ላይ ነው።

እኔም ይህን ጨዋታ ከጓደኞቼ ጋር እጫወታለሁ። አንድ ጊዜ ከጨዋታ በኋላ ቡና ተፈልቶ ሳለ ከዚህ ሁሉ ዘመን የትኛውን ታስታውሳላችሁ ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዷ አዝማሪ ሆና ለገዢው አልዘፍንም ያለችበትን አነሣች። አንዱ ወንዝ ሲሻገሩ በቅሎውን ለማዳን ብሎ የወርቅ ከረጢቱን የለቀቀበትን። ሌላው ደግሞ ወንድሙን አሳልፎ የሰጠበትን፣ እስከ ዛሬም የሚቆጨውን። ሁሉም የነገሩኝ ራሳቸው የወሰኑትን ነው። ስለ ካርታ፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ተራኪው ያማረ አነጋገር ያነሣ አልነበረም። ይህንኑ ጥያቄ ጓደኞችህን አንድ በአንድ፣ ለየብቻ ጠይቃቸው። የሚመልሱልህን ጻፈው። ከሠላሳ ገጽህ የሚበልጥ ዝግጅት እሱ ነው።

አሁን በጣም ወደከበደኝ ነገር ልለፍ። ስለተከበበች ከተማ ስትጫወቱ ተነሥቶ የወጣውን ጓደኛህን በአንድ መስመር አልፈኸዋል። «ሥራ በዝቶበት ይመስለኛል» ብለሃል። እኔ አይመስለኝም። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ምን እንዳዩ የደሴ ልጅ ለሆንከው ለአንተ አልነግርህም። ያኔ ማን የት እንደነበረ፣ ማን ማንን እንዳጣ፣ ማን በእግሩ ስንት መንገድ እንደሄደ የማይወራ ብዙ አለ፤ በቅርብ ጓደኛሞች መካከል እንኳ አይወራም። ለአንተ ከበባው ታሪክ ማሟሟቂያ ነበር። ለእሱ ምን እንደነበር አታውቅም። ክፋት አስበህ እንዳላደረግኸው እርግጠኛ ነኝ፤ ሆኖም በሚቀጥለው ጨዋታ ከማሰብህ በፊት እሱ ዘንድ መሄድ አለብህ።

በስልክ መልእክት አትላክበት። ቤቱ ሂድ። ለምን ወጣህ ብለህ አትመርምረው። «ያን ታሪክ ትተነዋል፤ አንመለስበትም፤ ቦታህ ግን እንዳለ ነው» በለው። ሊነግርህ ከፈለገ ይነግርሃል። ካልፈለገ ሻይ ጠጥታችሁ፣ ስለ ኳስ አውርታችሁ ተለያዩ፤ ያም ይበቃል። ወደ ጨዋታው ባይመለስ እንኳ ጓደኝነቱ ይቀጥላል።

ለወደፊቱ ደግሞ ይህን ጨዋታ በብዙ አገር የሚጫወቱ ሰዎች የሚያደርጉትን አንድ ነገር ልጠቁምህ። አዲስ ታሪክ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ቀን ተቀምጠው ምን ዓይነት ታሪክ እንደሚፈልጉ፣ በጨዋታው ውስጥ ጨርሶ ሊገባ የማይገባው ምን እንደሆነ ይነጋገራሉ። አንዳንድ ቡድኖች ጠረጴዛው መሀል አንድ ካርድ ያስቀምጣሉ። ማንም ሰው ካርዱን ከነካ ተራኪው ያንን ነገር አቋርጦ ወደ ሌላ ያልፋል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። በእኛ ዘንድ ሰው ፊት «ይህ ይከብደኛል» ማለት ቀላል አይደለምና አስቀድመህ ለየብቻ ብትጠይቃቸው ይሻላል ባይ ነኝ። ካርዱንም አስቀምጠው፤ ማንም ባይነካው እንኳ መኖሩ ሰውን ያሳርፋል።

ወደ ዝግጅትህ ልመለስ። አትዘጋጅ አልልህም። ሳይዘጋጁ መምጣት ጊዜያቸውን ሰጥተው የመጡ ሰዎችን መናቅ ነው። የምታዘጋጀው ነገር ግን ይለወጥ። እስካሁን ስትጽፍ የኖርከው የሚሆነውን ነው፤ መጀመሪያ ይህ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይህ፣ መጨረሻው ይህ። መጨረሻውን አንተ ከወሰንከው ጓደኞችህ ስልካቸውን ባይነኩ ምን ይሠራሉ? ከአሁን በኋላ የተቋጠረ ነገር አዘጋጅና መፍቻውን ለእነሱ ተውላቸው። ለምሳሌ የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው። አፋሩ ግመሉን፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይዞ የሚገናኝበት ገበያ ነው። በጨዋታችሁ ዘመን አሞሌ ጨው በገንዘብ ምትክ የሚሠራ ይሁን፤ በእውነትም ለዘመናት ሲሠራ ኖሯል። አንድ ነጋዴ በአደራ የተሰጠውን አሞሌ ሸጦ በላ። አደራ ሰጪው ማታ ይደርሳል። የገበያው ዳኛ የነጋዴው አማች ነው። ነጋዴው ደግሞ ጨው የሸጠው የታመመ ልጁን ለማሳከም ነው። የጓደኞችህ ገጸ ባሕርያት ጠዋት ገበያው ሲሞላ ደረሱ፤ ከመካከላቸው አንዱ የአደራ ሰጪው ዕዳ አለበት። በቃ፣ ብዕርህን አስቀምጥ። ሰው ምን እንደሚፈልግና ማንም ጣልቃ ካልገባ ማታ ምን እንደሚፈጠር ካወቅህ ዝግጅትህ አልቋል። ማንን እንደሚረዱ፣ ማንን እንደሚያጋልጡ፣ ወይ ዝም ብለው ጨዋቸውን ሸጠው እንደሚሄዱ የእነሱ ፈንታ ነው። ዝም ብለው ቢሄዱም አትቆጣ፤ በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሰው ሲመጡ ያ ነጋዴ የት ደረሰ?

ቁጥር መደበቁን ግን ዛሬውኑ ተው። በዚህ ላይ ላባብልህ አልፈልግም። ጓደኞችህን ከሐዘን የጠበቅሃቸው መስሎሃል፤ የወሰድክባቸው ግን የውሳኔያቸውን ክብደት ነው። ያቺ ምሽት እኮ ተሸንፋችሁ ነው ያለፈችው! 4 ወጣባችሁ፤ ግማሽ ጨዋችሁ ሄደ፤ ዓመት ሙሉ ግን ስታነሷት ትኖራላችሁ። ቁጥሩን ደብቀህ «ሽፍቶቹ አዘኑላችሁ፣ እለፉ» ብትላቸው ኖሮ በማግስቱ ትረሱት ነበር። ሰው ሽንፈቱን ሊሸከም ይችላል። የማይችለው የትም ቢሄድ ማሸነፉ እንደማይቀር እያወቀ መጫወትን ነው።

ለጓደኞችህ ማዘን ከፈለግህ ዳይሱ ከመጣሉ በፊት እዘንላቸው። ሃያ ገጽ ባለው ዳይስ 11ና ከዚያ በላይ ማምጣት የሚያስፈልገው ሰው ዕድሉ እኩል በእኩል፣ ማለትም 50 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እትም ውስጥ ደግሞ በጣም የምወደው ሕግ አለ፤ ሁኔታው ለአንድ ሰው የሚያደላ ሲሆን፣ ለምሳሌ ጓደኛው ሲያግዘው፣ ሁለት ጊዜ ጥሎ ትልቁን ቁጥር ይወስዳል። ያኔ ያው ዕድል 75 በመቶ ይደርሳል። አንዱ ተሟጋች ሌላው ምስክር ሆኖ ከቆመለት፣ ወይም አንዱ ገመድ ከያዘለት፣ ሁለት ጊዜ ይጣል። እንዲህ ከሆነ መተጋገዝ በቁጥርም ዋጋ ያገኛል፤ ተራው ያልሆነ ሰውም ስልኩን ጥሎ እንዴት ልርዳው ብሎ ያስባል። ካገዙትም በኋላ ቁጥሩ መጥፎ ከሆነ በግልጽ፣ ሁሉም እያየ ይውጣ። ዳይስ መጣል ያለበት ግን ብትወድቁም ብታልፉም ታሪኩ ወደ ሆነ ቦታ የሚሄድ ሲሆን ብቻ ነው። በር ለመክፈት፣ ግመል ለመጫን አታስጥላቸው።

እናትህን በተመለከተ፣ ጭንቀታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዳይስ በየመንደሩ የስንቱን ልጅ ደመወዝ እንደበላ ያዩ ሰው ናቸው። እንግዲህ በቃል ከምትከራከራቸው አሳያቸው። ቁማር ገንዘብ ተይዞ፣ አንዱ ከስሮ ሌላው አትርፎ የሚነሣበት ነው፤ በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ሳንቲም እንኳ የለም። አንድ ቀን እሳቸው ባሉበት ሳሎን ተጫወቱ፤ ቡናውንም እናንተው አፍሉ። የአበጋሮቹ ጉባኤ ሲደርስም «እማዬ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ቢመጣ ሽማግሌ ምን ይፈርዳል?» ብለህ ጠይቃቸው። ምናልባት ከሁላችሁ የተሻለ ፍርድ ይሰጡ ይሆናል። ቁጥሩ ሲጣል ምን ለመወሰን እንደሆነ ባዩ ጊዜ ጥርጣሬያቸው ይለዝባል ብዬ አምናለሁ። ካልለዘበ ደግሞ ዳይሱን ለጊዜው ተውትና ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ጠቅልላችሁ ከቆብ ውስጥ ዕጣ አውጡ፤ ያወጣችሁትን መልሳችሁ እስከጨመራችሁ ድረስ ዕድሉ ያው ነው።

የቀረው የኮምቦልቻው ጓደኛችሁ ነው። በፈረቃ የሚሠራ ሰው የዕረፍት ቀኑ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። «ቅዳሜ ማታ ደሴ ና» ማለት ለእናንተ ቀላል ነው፤ እሱ ግን እንቅልፉን አጥቶ የሐረጎን ዳገት ሊወጣ፣ በማግስቱ ደግሞ ለሥራ ሊወርድ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አራታችሁ ወይም አምስታችሁ ሆናችሁ ብትወርዱ ምን ትሆናላችሁ? የፈረቃ ሰሌዳውን ጠይቁትና የሚቀጥለውን ቀን እሱ ይቁረጥላችሁ። ባልተመቸው ቀን ያለ እሱ ተጫወቱ፤ ገጸ ባሕርዩን ግን ሌላ ሰው አይያዝበት፣ አንተም በእሱ ፈንታ አትወስንለት። ባቲ ቀርቶ ግመሎቹን እያጠጣ ነው በሉ፤ ሲመጣ ከዚያው ይቀጥላል።